የጊዳሬሎ ማማና የሎታሪዮ ደረጃ

በቅዱስ ሚካኤል በዓል ማግስት ጠዋት አዳላሲያ ከማማው መስኮት ወጥታ በመሰላሉ ወረደች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳሯ ይህን መሰላል ስንት ሺህ ጊዜ እንደ ወረደችው የቆጠረ ሰው የለም። አርባ አንድ እርከን አለው። ዓይኗን ጨፍና፣ በአንድ እጇ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ከታች ከቆሙት ሴቶች ጋር እየተጨዋወተች መውረድ ትችልበት ነበር። በዚያ ጠዋት ግን የመጨረሻውን እርከን ለቅቃ መሬት ስትረግጥ የቀኝ ጉልበቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

ግድግዳውን ተደግፋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ባሏ ጊዳሬሎ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ ይመለከታት ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ንገሪኛ።»

«ከእንግዲህ በዚህ መሰላል አልወጣም።»

«ዛሬን ነው ወይስ…»

«እስከ ዕለተ ሞቴ ነው የኔ ጌታ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ድመት መሰልኩህ እንዴ?»

ይህን ብላ በግቢው ውስጥ እያነከሰች አለፈች። ቁልቁል በወንዙ ዳር ወዳለው ወፍጮ ወርዳ ከወዳጇ ከጂስላ ቤት ገባች። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሴልቫጂያ የእናቷን ሁለት ቀሚስና የሱፍ ብርድ ልብስ በገመድ ካወረደች በኋላ እሷም ተከትላ ሄደች። የፒየትራቬርና መንደር እኩሌታ ጌታ፣ የአርባ ጭሰኛ አለቃ፣ ጊዳሬሎ፣ በማማው ላይ ብቻውን ቀረ።

አንድ ባላባት በመሰላል የሚገባበት ቤት እንዴት ሊኖረው እንደቻለ ለመረዳት አባቱ ወደ ሞቱበት ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። ነገሩ ደግሞ ተመላልሰው ቢያዩት የማይሰለች ነው። ክፉ የሠራ ሰው የለበትም፤ ሁሉም ሕጉን አንድ በአንድ ጠብቆ ሳለ የተፈጠረ ስሕተት ነው።

ከወንዙ ማዶ ያሉት ጌቶች በፍራንኮች ሕግ ስለሚኖሩ አባት ሲሞት ሁሉም ነገር ለታላቁ ልጅ ይሆናል፤ ታናሾቹ ወይ ይመነኩሳሉ ወይ ፈረስ ጭነው ይሄዳሉ። ከወንዙ ወዲህ ያሉት ግን በሎምባርድ ሕግ ይኖራሉ። በዚህ ሕግ ወንድሞች ሁሉ እኩል ይካፈላሉ። እኩልነቱ እንዴት ይረጋገጣል ቢባል፣ መልሱ አጭርና በጣም ብልህ ነው፤ ታላቁ ይከፍላል፣ ታናሹ ይመርጣል። ታላቁ አንዱን ድርሻ ቢያሳብጥ ታናሹ ያንኑ ያነሣበታል። ስለዚህ ታላቁ ወንድም ወደደም ጠላም የሀገሩ ቀጥተኛ ሰው ይሆናል። የታላቅ ክብሩም ይኸው ነው፤ «ጥሩ አድርጎ የከፈለ» ከተባለ በሄደበት ሁሉ ቦታ ይለቀቅለታል።

አባታቸው ሲሞቱ ሎታሪዮ ሃያ ስምንት፣ ጊዳሬሎ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሎታሪዮ አጭር፣ ደንዳና፣ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ካልያዘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ጾሙን ሙሉ ሲከፍል ከረመ። ግድግዳውን በገመድ ለካ። የካስታኛ ዛፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ፤ ፍሬያቸው በዚያ ሀገር ዱቄትም ቂጣም ገንፎም ነውና ቀልድ አይደለም። የወይኑ በርሜሎች በጥራት እንዲመጣጠኑ ሁሉንም ቀመሰ። ይህ ሦስት ቀን ፈጀ፤ በሦስተኛው ቀን ውሳኔውን የሰጠው በአሽከር ትከሻ ላይ ተደግፎ ነው ይባላል። ሁለቱን የአደን ውሾች ለየብቻ መደበ። የአባታቸውን የራስ ቁር እንኳ አልረሳም።

በመጨረሻ ሁለት ድርሻ ወጣ። አንደኛው አዳራሹ፣ ከማድ ቤቱ፣ ከዳቦ ምድጃውና ከግቢው ጋር፣ ከታችኛው የወይን ተክልም ጋር። ሁለተኛው ማማው፣ ከላይኛው የካስታኛ ጫካና ከወፍጮው ጋር፣ ለማመጣጠኛ ስልሳ በግ ተጨምሮበት። የውሃ ጉድጓዱና በግቢው ውስጥ ማለፊያው የጋራ። የውል ጸሐፊው ሴር ቤንቺቬኒ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበውና ጊዳሬሎን «ይምረጡ» አለው።

አዳራሹን ይመርጣል ያላለ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ሙቅ ነው፣ የዳቦ ሽታ ያውደዋል። ማማው ግን ቅድመ አያታቸው ለጦርነት ያሠራው፣ ከታች በር የሌለው፣ ነፋስ የሚያፏጭበት የድንጋይ ቱቦ ነው። ጊዳሬሎ ግን ሳያመነታ «ማማው» አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሎታሪዮም ወንድሙ ያበደ መስሎት ግንባሩን ዳበሰው።

ጊዳሬሎ አላበደም። በማማው ላይኛው መስኮት ሲቆሙ ወንዙን ተሻግሮ የቫልዶራ ጌታ ግቢ ይታያል። በዚያ ግቢ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አንዲት ልጅ ዝይዎቿን ትመግባለች። ዝይዎቹ ሲያሳድዷት ትስቃለች፤ ሳቋም ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ያቺ ልጅ አዳላሲያ ናት። ስልሳ በግና ወፍጮ ተጨምሮበት እሷን ማየት፣ ለጊዳሬሎ ከዚህ የተሻለ ድርሻ አልነበረም።

ስሕተቱ የታወቀው በማግስቱ ነው። ጊዳሬሎ ፍራሹን ተሸክሞ በአዳራሹ በኩል ወደ ማማው ሊወጣ ሲል ሎታሪዮ ከምሳ ገበታው ላይ ሆኖ ለቀልድ ያህል «ኧረ በማን ደረጃ ነው የምትወጣው?» አለው።

ጊዳሬሎ ሳቀ። ሎታሪዮም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ደረጃው ዞሩ።

ወደ ማማው የሚያወጣው ደረጃ ስልሳ አራት እርከን ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው። ከአዳራሹ ማዕዘን ተነሥቶ በአዳራሹ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይወጣና በማማው በር ያበቃል። ውሉ ደግሞ «አዳራሹ፣ በግድግዳዎቹ ውስጥ ካለው ሁሉ ጋር» ይላል። ስለ ማማው «ከመሠረቱ እስከ ጫፉ፣ የጣራው ጠፈጠፍ እስከሚያርፍበት» ይላል።

«እንግዲህ ፈቃድ ጠይቀኛ» አለ ሎታሪዮ፣ አሁንም በግማሽ ቀልድ።

«ከጠየቅኩህማ ደረጃው ያንተ ነው ብዬ ማመኔ ነው ጋሼ። ከዚያ ልጄ ልጅህን ሲጠይቅ፣ የልጅ ልጄ የልጅ ልጅህን ሲጠይቅ ይኖራል።»

«ሳትጠይቀኝ ካለፍክ ደግሞ የኔ አይደለም ማለቴ ነው። አዳላድዬ አልከፈልኩም ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ። አንተ ነህ የመረጥከው።»

ጊዳሬሎ ፍራሹን ይዞ ተመልሶ ወጣ። በዚያው ሳምንት መስኮቱን አስፍቶ መሰላል አቆመበት። በደረጃው ጫፍ ያለውን በርም በገዛ እጁ ከማማው በኩል በድንጋይ ደፈነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድሙን የሚጠራበትን «ጋሼ» የሚለውን ቃልም አብሮ ደፈነው። ከዚያ ቀን ወዲያ «ሎታሪዮ» ብቻ ሆነ።

ግን ጠላቶች አልሆኑም፤ ይህ በደንብ መታወቅ አለበት። የፋሲካውን ጠቦት ባንድ ገበታ ይበላሉ። ጦር ሲጠራ ጎን ለጎን ይጋልባሉ። ሎታሪዮ ሚስቱ ልጅ ሳትወልድለት ስለ ሞተች፣ የሴልቫጂያ የክርስትና አባት እሱ ነው። ስለ ወይን፣ ስለ በግ፣ ስለ ጳጳሱ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስለ ደረጃ ብቻ አያወሩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሃያ ስድስት ዓመት ፒየትራቬርና እስካሁን እየሳቀ የሚተርከው ነው። አዳላሲያ ለሙሽርነቷ በበቅሎ መጥታ ግቢ ውስጥ ወረደችና መሰላሉን ከታች እስከ ላይ አየችው። አባቷ ፊቱ ቀላ። «እኔ ልጄን ለሰው ነው የዳርኩት፤ ለእርግብ አልዳርኩም!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን ቀዩን ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረችና፣ ቀለበት ያለበትን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ጊዳሬሎ፣ ስወጣ ቁልቁል እንዳላይ ከላይ ሆነህ አጫውተኝ» አለችው። ስለ ዝይዎቿ ያወራላት ገባ። እየሳቀች ወጣች። ሕዝቡ ከታች አርባ አንዱን እርከን አብሯት ቆጠረ።

ሦስቱ ልጆች እዚያው ላይ ተወለዱ። አዋላጇ ሞንና ቴዲያ ወፍራም ስለነበረች በድርቆሽ ቅርጫት በገመድ ነው የምትጎተተው፤ ገመዱ የሚሳብበት ግንድ ሲንቋቋ «ቀስ በሉ እናንተ ልጆች፣ እኔ ከወደቅኩ ማን ሊያዋልድ ነው!» እያለች። በኅዳር የታረደው አሳማ ጭኑ እየተንጠለጠለ ይወጣል። አንድ ዓመት ትልቅ ክብ አይብ ከገመዱ አምልጦ ተንከባለለና በቀጥታ በሎታሪዮ በር ገባ። ሎታሪዮ ወዲያው መለሰው፤ አንዲት ቁራጭ ብቻ ጎድላ ነበር። «የመንገድ ቀረጥ ነው በሉት» ብሎ ላከ። አዳላሲያ የሳቀችው ሳቅ እስከ ወፍጮው ተሰማ ይላሉ።

አሁን ግን ማማው ላይ ሳቅ አልነበረም። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ርቀው ለሌላ ጌታ በፈረሰኝነት ያገለግላሉ፤ እናትና ልጅ ወፍጮ ቤት ናቸው። ጊዳሬሎ ነገሩን በዘዴ ለመፍታት ተነሣ።

መጀመሪያ የአዋላጇን ቅርጫት አደሰ፤ ከሥሩ ለስላሳ የበግ ቆዳ አነጠፈበት። አዳላሲያ መጥታ አየችው፣ ዞረችው፣ «ሞንና ቴዲያ አዋላጅ ናት፤ ሥራዋ ነው። እኔ ግን የቤቱ እመቤት ነኝ፤ ድርቆሽ አይደለሁም» ብላ ተመለሰች።

ቀጥሎ አናጺ ጠርቶ ከውጭ በኩል የእንጨት ደረጃ ሊያሠራ አሰበ። አናጺው ግቢውን አየና ራሱን ነቀነቀ። የማማው ድርሻ ጠፈጠፉ እስከሚያርፍበት ድረስ ነው፤ ያ ማለት ከግድግዳው አንድ ክንድ ተኩል። በአንድ ክንድ ተኩል ላይ የሚቆም ደረጃ መሰላል ነው የሚሆነው። ሰው በቀላሉ የሚወጣበት ደረጃ ግን የሎታሪዮ ግቢ ላይ መተከሉ አይቀርም፤ በግቢው ማለፍ የጋራ ቢሆንም መሥራት ግን አይደለም።

በመጨረሻ እሱ ራሱ ወፍጮ ቤት ሊያድር ወረደ። ጂስላ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ጌታዬ፣ እንግዳ አልመልስም፤ ግን ያለኝ አንድ አልጋ ነው። ሦስት ሴቶች ተኝተንበታል። እርስዎ ከወፍጮው ድንጋይ ሥር ይተኙ ይሆን?»

አዳላሲያ ጎዶሎ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዝይ ትነጭ ነበር። ጉልበቷ በጥቅል ጎመን ቅጠል ታስሯል። ጊዳሬሎ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እንደምን ነው ጉልበትሽ?»

«ጎመኑ ተስማምቶታል። አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። ቀዝቃዛ የካስታኛ ቂጣ እየበላሁ ነው።»

«አወቅኩት፤ ከስተሃል። ስማኝማ፤ ሦስት ቃል ነው። ጋሼ፣ ደረጃውን ፍቀድልኝ። በቃ። እኔ ልበልልህ?»

«ከጠየቅኩት እኮ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ዘሮቻችን…»

«ከመቶ ዓመት በኋላ ጉልበቴ አያመኝም፤ አይዞህ።» ላባውን ከጣቷ ላይ እፍ አለችው። «የሚያመኝ ዛሬ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ለኩራትህ ወጥቻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፣ አልዋሽህም። አሁን ግን ተራው የኩራትህ ነው፤ እሱ ይውረድ።»

ሴልቫጂያ ከጓዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አባዬ፣ እማዬ ይህን ንግግር ከትናንት ጀምሮ ስትለማመደው ነበር» አለች። እናትየው ግማሽ የተነጨውን ዝይ አነሣችባት። ሁሉም ሳቁ፤ ጊዳሬሎም ሳቀ። ግን ብቻውን ተመለሰ፤ አርባ አንዱንም እርከን ብቻውን ወጣ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የደፈነው በር ፊት ቆመ። መላልሶ አሰበበት። ደረጃው የማን እንደሆነ ያጠራጥራል። ግድግዳው ግን ያለ ጥርጥር የራሱ ነው፤ የራሱን ግድግዳ ለማፍረስ የማንም ፈቃድ አያሻውም። ካፈረሰው በኋላ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ቢያንስ በሩ ክፍት ይሆናል። ዶማውን አነሣ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛውን ገፋ ሲያደርገው በወዲያ በኩል ተንከባለለና ድምፅ መጣ።

«ቀስ በል እንጂ! አቧራው ወይኔ ውስጥ ገባ።»

ጊዳሬሎ ዶማውን ለቀቀ። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው አየ። ወንድሙ ሎታሪዮ በመጨረሻው እርከን ላይ፣ በቀይ ትራስ ላይ ተቀምጧል። በቀኙ የወይን ማሰሮ፣ በግራው የተጠበሰ ካስታኛ በጨርቅ። ከሥሩ ያሉት ሦስት አራት እርከኖች በቅርፊት ተሞልተዋል። ከቅርፊቱም ገሚሱ በብዙ ዓመት ዕድሜ ጠቁሮ አፈር መስሏል። ትራሱም መሐሉ ጎድጉዷል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«በደረጃዬ ላይ ተቀምጫለሁ። አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ግድግዳዬን አፈርሳለሁ።»

«መብትህ ነው።»

ከዚያ ሎታሪዮ አንድ ካስታኛ ልጦ በቀዳዳው አቀበለው። ጊዳሬሎ ተቀብሎ በላ። ገና ትኩስ ነበር።

«ፍየሏስ?» አለ ሎታሪዮ።

«የቷ ፍየል?»

«የደወሉን ገመድ የበላችዋ ናታ! በሚካኤል ዕለት ማታ ስትተርክላቸው ዝናቡ መጣና ሁላችሁም ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ድስት ልታስቀምጡ ተነሣችሁ። ከዚያ ዝም። ይኸው አሥራ አንድ ቀን። ገመዱን እየበላች እየበላች ደወል ደዋዩ ረጅሙ ፎስኮ ብቻ የሚደርስበት ሆነ ብለህ ነው ያቆምከው። ከዚያስ?»

ጊዳሬሎ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ቅርፊቱን እንደ ገና አየው። ትራሱን አየው። ሃያ ስድስት ዓመት የነገራቸው ተረቶች፣ የአዳላሲያ ሳቅ፣ የልጆቹ ልቅሶና ጨዋታ፣ ሁሉም ከአንድ የድንጋይ ውፍረት ወዲያ ሲሰማ ኖሯል።

«ሴልቫጂያ ስትወለድም እዚሁ ነበርኩ» አለ ሎታሪዮ፣ የሆዱን የሰማ ይመስል። «የመጀመሪያ ጩኸቷን ስሰማ ማሰሮውን ለቀቅኩት። ስባሪው አሁንም አርባኛው እርከን ላይ አለ። አሁን ግን ጸጥ ብሏል። በአሥራ አንድ ቀን አንድ ሳቅ አልሰማሁም። የታመመ ሰው አለ ብዬ ብጠይቅ፣ ሚስትህ ወፍጮ ቤት ወረደች አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን… ለምን አንድ ቀን እንኳ ፈቅጄልሃለሁ፣ እለፍ አላልከኝም?»

ሎታሪዮ ማሰሮውን አዙሮ አዙሮ አየው።

«መፍቀድ ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ስለሆነ ነዋ። ጾሙን ሙሉ ለካሁ። ዛፍ ቆጠርኩ፣ ውሻ መደብኩ፣ ሦስት ቀን ወይን ቀመስኩ። ሰው ሁሉ ሎታሪዮ ጥሩ አድርጎ ከፈለ ይላል። በየቀኑ የምወጣበትንና የምወርድበትን ደረጃ ግን ረሳሁት። ይህን በማን ፊት ልበለው?»

ጊዳሬሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀዳዳው አሁን በሁለቱ ፊት መካከል ነው።

«ፍየሏ ገመዱን ጨረሰችው» አለ ቀስ ብሎ። «ፎስኮም አልደረሰበት አለ። ካህኑ ተጨነቀ። በመጨረሻ አንዲት ሴት በመሰላል ወጥታ ድርቆሽ ከደወሉ ምላስ ላይ አንጠለጠለች። ፍየሏ ድርቆሹን ልትበላ ስትዘል ደወሉ ይደወላል። ያ ሰፈር ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጸልየው ፍየሏ ሲርባት ነው፣ ጋሼ።»

ሎታሪዮ ሳቀ። ሳቁ በደረጃው ቁልቁል ተንከባለለና አዳራሹ ድረስ ወረደ። ዓይኑን በእጅጌው የጠረገው ግን ስለ ፍየሏ አልነበረም። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ «ጋሼ» ተብሏል።

«ጋሼ፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ጊዳሬሎ፣ አሁን ድምፁ ፈጥኖ። «ደረጃውን ረሳሁት አልክ። የተረሳ ነገር ተከፍሏል ይባላል?»

ሎታሪዮ ማሰሮውን አስቀመጠ። «አይባልም።»

«ያልተከፈለ ነገር ሲገኝስ?»

«ታላቁ ይከፍላል…» አለ ሎታሪዮ፤ ፊቱ ቀስ በቀስ እንደ ምድጃ አፍ በራ።

«…ታናሹ ይመርጣል» አለ ጊዳሬሎ።

ሴር ቤንቺቬኒ አርጅቶ ነበር፤ ውሉ ግን ሳጥኑ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ነበር። አምጥቶ በአዳራሹ ገበታ ላይ ዘረጋውና አፍንጫው ብራናውን እስኪነካ አጎንብሶ አነበበ። ጨርሶ ሲያበቃ እንደ ገና ከላይ ጀመረ። «ውሾቹ አሉ» አለ። «የራስ ቁሩ አለ። ጉድጓዱ አለ። ደረጃ የሚል ቃል ግን የለም። እኔም አብሬ ረስቼዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ሎታሪዮ ሁለት ቀን ጠየቀ። ገመዱን ይዞ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ታየ። ታችኛውን እኩሌታ ለአንዱ፣ ላይኛውን ለሌላው ቢያደርገው፣ የታችኛው ባለቤት የላይኛውን መንገድ መዝጋት ይችላል። ርዝመቱን በመሐል ሰንጥቆ ግራና ቀኝ ቢያደርገው፣ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ እግር መውጣት ሊኖርባቸው ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ አንድ ታላቅ ጩኸት ተሰማ። አገኘሁት የሚል ሰው ጩኸት ነበር።

በማግስቱ የፒየትራቬርና ሰው ሁሉ አዳራሹን ሞላው። አዳላሲያም በበቅሎ መጣች፤ ጂስላ ከኋላ፣ ሴልቫጂያ ልጓሙን ይዛ። ሎታሪዮ በደረጃው ግርጌ ቆሞ ድምፁን አጠራ።

«ስልሳ አራት እርከን አለ። ከታች ስንቆጥር አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ እንዲሁ አንድ እየዘለልን እስከ ስልሳ ሦስተኛው፣ አንድ ድርሻ ነው። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ እስከ ስልሳ አራተኛው፣ ሌላ ድርሻ ነው። ሠላሳ ሁለት ለሠላሳ ሁለት። ይምረጥ።»

ሰዉ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ከዚያ ነገሩ ለአንዱ ገባው፣ ለሌላው ገባው፤ ሳቅ ከበሩ ጀምሮ እስከ ምድጃው ተቀጣጠለ።

ሴር ቤንቺቬኒ ግን ብዕሩን አንሥቶ ቀረ። «ጌታ ሎታሪዮ፣ አንደኛው ድርሻ ቢደርስዎ፣ ከአንደኛው እርከን ወደ ሦስተኛው እንዴት ነው የሚወጡት?»

«በሁለተኛው ላይ ረግጬ።»

«እሱ የወንድምዎ ሊሆን ነው።»

«አዎ።»

«ካልፈቀደልዎስ?»

«እዘላለሁ» አለ ሎታሪዮ፤ አጭር እግሩን አሳየ። «እሱም አራተኛው ላይ ለመድረስ ሦስተኛዬን ይዝላል። ሁለታችንም እንደ ፌንጣ እየዘለልን እንኖራለን። ወይም ማናችንም ሳንጠይቅ፣ ማናችንም ሳንፈቅድ፣ እንደ ሰው እንረግጣለን። ይህንኑ ጻፍ።»

ጊዳሬሎ ወንድሙን ለረጅም ጊዜ አየው። በጾሙ ሁሉ የተደከመበት የመጀመሪያው ክፍፍል ጥሩ ነበር። ይህኛው ግን እንከን አልነበረበትም፤ ከየትኛውም ድርሻ ላይ ቆመው ቢያዩት ሁለቱ እኩል ናቸው፣ አንዱም ያለ ሌላው ለምንም አይሆንም።

«ሁለተኛውን ድርሻ» አለ። «ጋሼ፣ ጥሩ አድርገህ ከፈልክ።»

ጭብጨባው ሳይቆም አዳላሲያ ብድግ አለች። በአንድ እጇ የባሏን ክንድ፣ በሌላው ግድግዳውን ያዘች። ሎታሪዮ ከኋላ ሆነ፤ ድንገት ብትንሸራተት ሊደግፋት ነው። የመጀመሪያውን እርከን ረገጠችና ዞር አለች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ሎታሪዮ።

«እግዜር ይስጥልኝ ዋርሳዬ።» ሁለተኛውን ረገጠች። «ይሄስ?»

«የኔ» አለ ጊዳሬሎ።

«እግዜር ይስጥልኝ የኔ ጌታ።» ሦስተኛውን ረገጠች። «ይሄስ?»

እንዲህ እያለች ወጣች። አዳራሹ ከታች አብሯት እየቆጠረ ነበር፤ በሠርጓ ቀን የቆጠሩት አሮጊቶች ከሁሉ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አርባኛው ላይ የማሰሮውን ስባሪ አገኘችና ታሪኩን ስትሰማ ቆማ ሳቀች። ጉልበቷ ሁለት ጊዜ አሳረፋት። ስልሳ አራተኛው ላይ ስትደርስ ከፈረሰው በር ፊት ቀዩን ትራስ አየች። ምንም ሳትጠይቅ ተቀመጠችበት፤ ደረጃው ተዘጋ።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች።

«እርከኑ የኔ ነው» አለ ባሏ።

«ትራሱ የኔ ነው» አለ ዋርሳዋ።

«እንግዲያው ጉልበቴ እስኪያርፍ ሁለታችሁም ትቆማላችሁ። ዝም ብላችሁ ግን አትቁሙ። ሎታሪዮ፣ የፍየሏን ታሪክ አንተ ንገረኝ፤ በግድግዳ በደንብ ይሰማል አይሰማም እንይ።»

ሎታሪዮ በስልሳ ሦስተኛው እርከኑ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ገና ፍየሏ ወደ ደወሉ ቤት ሳትደርስ ጊዳሬሎ «ነጭ አይደለችም፤ ቡሬ ናት» ብሎ አቋረጠው። የአዳላሲያ ሳቅም በደረጃው ወረደና፣ በአዳራሹ ውስጥ አልፎ፣ በግቢው በር ወጣ።